የቅልቅሉ አምባዛ

ሰው ሁሉ ቁጡ ነሽ ይለኛል። ነኝ፤ አልክድም። ቁጡ ሰው ሁሉ ግን ጥፋተኛ አይደለም፤ ሳቂታ ሰው ሁሉም ደግ አይደለም። ጉደር ከተማ ውስጥ ዛሬም ድረስ «ዓሣውን ሽንት ቤት የጣለችው ሴትዮ» እባላለሁ። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ ፈገግ ይላል። መጣሌ እውነት ነው። ለምን እንደጣልኩት ግን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ፈርዶ ጨርሷል። እስቲ እኔም እንደ ሰው ከመጀመሪያው ልናገር።

አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ወረድ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ሥራዬ ዓሣ መጥበስ ነው። ደንበኛ ገብቶ እጁን እንኳ ሳይታጠብ የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ነው፤ «ቅርፊት ያለው ነው የሌለው?» ይለኛል። እንደ እኔ ኦርቶዶክስ የሆነው ቅርፊት የሌለውን አይቀምስም፤ ኦሪት ከልክሏል። ቆሮሶ ቅርፊት አለው፤ አምባዛ የለውም። ጴንጤው ግን አምባዛ ካለ ቆሮሶን ዞር ብሎ አያየውም። «ሥጋው ወፍራም ነው፣ እሾህ አያስቸግርም» ይሉኛል። እኔ በአፌ ዞሮ ስለማያውቅ አልመሰክርም። ስለዚህ ሁለት መጥበሻ አለኝ፤ አንዱ የቆሮሶ፣ አንዱ የአምባዛ። ዘይታቸው አይገናኝም፤ ቢላዋቸውም አይገናኝም። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር ተጣልቼ አላውቅም። እንዲያውም ቄሱና ፓስተሩ እኔ ቤት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው በልተው፣ ሁለቱም መርቀውኝ ወጥተዋል።

አምባዛን በሳህን ላይ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህን ልንገረው። ወንዝ ውስጥ እንደ እሱ ያለ ሆዳም የለም። ጭንቅላቱ በአካፋ ጀርባ የተመታ ይመስል ጠፍጣፋ ነው፤ አፉ ሰፊ ነው፤ ከአፉ ዙሪያ የድመት ዓይነት ጢም ተንጠልጥሎበታል። ቀን ቀን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከጭቃው ጋር ተመሳስሎ ይተኛል። ሲመሽ ይነሣና ትንንሹን ዓሣ፣ እንቁራሪቱን፣ ሸርጣኑን፣ ውሃ ልትጠጣ የወረደችውን ወፍ ሳይቀር ይሰለቅጣል። ትልቁ ሲገኝ ሰው በትከሻው ተሸክሞት ጅራቱ መሬት ይልሳል። እኔን የሚገርመኝ ግን የነፍሱ ጥንካሬ ነው። ሌላው ዓሣ ከውሃ ሲወጣ ወዲያው ይሞታል፤ አምባዛ አየር ይስባል። እርጥብ ሣር ጣል አድርገው በጆንያ ካመጡት፣ ጠዋት የወጣው ቀትር ላይ ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ሲላወስ ነው የማገኘው። ጭንቅላቱን በዱላ ካላሉት አይሞትም። ሕጌም ከዚህ የመጣ ነው፤ የዱላ ምት ሳይኖርበት ሞቶ የመጣ አምባዛ ከደጄ አይገባም።

ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። የጉደር ወንዝ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ጥልቅ ቦታ አለው፤ የእኛ ሰፈር ሰው «ጥልቁ» ይለዋል። በበጋ ወንዙ ቀጥኖ ድንጋዩ ሲያገጥጥ እንኳ ጥልቁ ውሃ አያጣም፤ የአምባዛው ቤት እዚያ ነው። ልጅ ሆኜ፣ የብርብራ ዛፍ ፍሬው ሲደርቅ፣ በዓመት አንድ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወደዚያ ይወርድ ነበር። ብርብራ ዓሣ ያሰክራል። ሴቶቹ ፍሬውን በሙቀጫ እንወቅጣለን፤ ወንዶቹ የተወቀጠውን በጆንያ አድርገው ከላይ በኩል ውሃው ውስጥ ያሹታል። መጀመሪያ ትንንሾቹ ይሰክሩና በጎናቸው ይንሳፈፋሉ። አምባዛ መጨረሻ ነው የሚወጣው፤ አየር ፍለጋ አፉን ከፍቶ ብቅ ሲል ጠብቀው በዱላ ይሉታል። የበቃንን ያህል ካወጣን በኋላ አባቴ «ማሎ፣ ማሎ፣ የቀረውን ለወንዙ ተዉለት» እያለ ይለምን ነበር። ውሃውን ለመገደብ ከላይ የከመሩትን ድንጋይ አንሥተው ንጹሕ ውሃ ሲለቁበት የሰከረው ነቅቶ ይሄዳል። ማታ እንቁራሪቱ ሲጮህ ይሰማል፤ በማግሥቱም ከብቱ ወርዶ ይጠጣል። ብርብራ ማለት ይኼ ነው።

ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ከጥልቁ በላይ ባለው መሬት ላይ በሞተር ውሃ እየሳበ ቲማቲምና ሽንኩርት ያለማል። የፀረ ተባይ መርጫው ከጀርባው ወርዶ አያውቅም። ሰው ይወደዋል፤ እንዴት አይወደው! ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል የመጀመሪያው እሱ ነው። ሠርግ ላይ ጨዋታውን የሚያደምቀው እሱ ነው። ምላሱ ማር ነው። ልጄን ትከሻው ላይ አድርጎ ነው ያሳደጋት፤ እሷም ምስጢር ሲኖራት ከእኔ በፊት የምትነግረው ለአጎቷ ነው። እንግዲህ እኔና እሱ ፊት ለፊት ስንቆም ማን እንደሚታመን ገምቱት።

ይቺው ልጄ ጊንጪ ተዳረች። የባሏ ቤተሰቦች ጴንጤዎች ናቸው። በእኛ በኩል ጉምጉምታ ነበር፤ «ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?» ያለኝ ዘመድ አለ። በእነሱም በኩል እንደዚያው እንደነበር ሰምቻለሁ። ስንት ሽማግሌ ተመላልሶ፣ ስንት እንባ ፈስሶ ነው ነገሩ የለዘበው። ሠርጉ በሰላም አለፈና ቅልቅሉ የእኔ ተራ ሆነ። ልጄ አስቀድማ መጥታ እጄን ያዘችኝ። «እማዬ፣ አደራሽን። ገና አልለመዱንም፤ ቅር የሚላቸው ነገር እንዳይኖር» አለችኝ። «ሞኝ! ሰው ማብላት እኮ ሥራዬ ነው» አልኳት። አሁን ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት። ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጥሏል፤ ዶሮው ተሠርቷል፤ ሥጋው ተዘጋጅቷል። አምባዛም ላቀርብላቸው አስቤ ነበር፤ ዓሣ የሚያመጣልኝ ሰውዬ «አልቀናኝም» ስላለኝ ተውኩት። እንግዶቹ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ዋርሳዬ በባጃጅ ከች አለ። የኮባ ቅጠል ላይ ያጋደመው አምባዛ፣ ምኑን ልንገራችሁ፣ እኔ ስንት ዓመት ስጠብስ ያንን የሚያህል አላየሁም። ግቢው በጩኸት ተናወጠ። ስልኩን ያላወጣ ሰው የለም።

«እትዬ!» አለኝ እጁን ዘርግቶ። «አማቶቿ አምባዛ ይወዳሉ አላልሽም? ይኸውልሽ፣ የጥልቁን ባላባት አመጣሁልሽ!»

ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ። «እድግ በል!» አልኩት። ጎንበስ ብዬ ነካሁት፤ አልተንቀሳቀሰም።

«መቼ ነው የወጣው?»

«አሁን፣ ከመምጣቴ በፊት! አታይውም እንዴ፣ ውሃው እንኳ አልደረቀለትም።»

«በምን አወጣኸው?»

«በብርብራ ነዋ፣ እንደ አባቶቻችን!»

ጭንቅላቱን አገላበጥኩት፤ ምት የለበትም። አፉን ከፈትኩት፤ መንጠቆ አልነካውም። አሁን የወጣ አምባዛ ማን ሳይመታው ሞተ? የሚተነፍስበትን ስንጥብ ገልጬ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ያ ሽታ መጣ። ዋርሳዬ ቲማቲሙን ሲረጭ ውሎ ማታ ቤቴ ሲገባ ከሸሚዙ የሚወጣው ሽታ ነው፤ ጉሮሮን ይከረክራል፣ ምላስ ላይ ይቀመጣል።

እጁን ይዤ ወደ ጓዳ ጎተትኩት። «ምንድን ነው የጨመርክበት?» አልኩት።

«ብርብራ አልኩሽ እኮ!»

«ብርብራ ስወቅጥ ነው ያደግሁት። ይኼ ብርብራ አይደለም።»

«እትዬ ደግሞ! ዛሬ እንኳ አትቆጪ፤ የልጅሽ ቀን ነው» አለና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ እየሳቀ ወጣ። ባለቤቴን ጠርቼ ነገርኩት። ዓሣውን እንዲያሸት ለመንኩት። «አንቺ ሴትዮ፣ እንግዳ በር ላይ ነው፤ ከወንድሜ ጋር የምትጣዪበት ሌላ ቀን አጣሽ?» አለኝ። እሱም ወጣ።

እልልታው ቀለጠ፤ እንግዶቹ ደረሱ። ዓሣውን ወደ ጓሮ ወስጄ በጆንያ ሸፈንኩትና ወደ መቀበሉ ሮጥኩ። በጨዋታው መሃል ይረሳል፣ ማታ ቀስ ብዬ እቀብረዋለሁ ብዬ ነበር። ማን ያስረሳው! እንግዶቹ ተቀምጠው ውሃ እንኳ ሳይቀርብላቸው፣ ዋርሳዬ ዓሣውን ታቅፎ ከጓሮ ብቅ አለ። ዳሱ መሃል፣ ጠረጴዛ ላይ ዘረረው። የልጄ ባል አባት ተነሥቶ «እግዚአብሔር ይባርካችሁ! ይኼ ሁሉ ለእኛ ነው?» አለና የዋርሳዬን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ዋርሳዬ እጅጌውን ሰብስቦ ቢላዋ አስመጣ። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች የአምባዛውን መጥበሻ ጣዱ። ዘይቱ መንጨርጨር ሲጀምር ሰማሁት።

«አይበላም!» አልኩ። ድምፄ እንደዚያ ጮኾ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። «ይኼ ዓሣ አይበላም! መርዝ አለበት!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ትንሽ ፋታ ቢሰጡኝ ኖሮ አስረዳ ነበር። ዋርሳዬ ግን ሳቁን ለቀቀው።

«መርዝ አለች! እትዬ እኮ አምባዛ አትበላም፤ ቅርፊት የለውማ! ለእሷ ቅርፊት የሌለው ሁሉ እርኩስ ነው!»

የእኛ ሰዎች ሳቁ። እንግዶቹ አልሳቁም። የልጄ ባል እናት ዓይኗን ከእኔ አንሥታ ጭኗ ላይ ያሉትን እጆቿን ማየት ጀመረች። አያችሁልኝ ሰውዬውን? በአንድ አፍታ የእኔን ጩኸት የሃይማኖት አደረገው። ስለ ዓሣው ነው የጮኽኩት፤ ስለ እነሱ የጮኽኩ አስመሰለኝ። ልጄን አየኋት፤ ከንፈሯን ነክሳ «ዝም በይ» በሚል ዓይን ታየኛለች። ዋርሳዬ ቢላዋውን ዓሣው አንገት ላይ አሳረፈ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሀገር አይቶታል። እጁን መነጨቅሁት። ያንን የሚያህል ዓሣ ታቅፌ፣ የሀበሻ ቀሚሴ በልጋጉ ተጨማልቆ፣ ነጠላዬ ወድቆ፣ በእንግዶቹ መሃል አልፌ ሽንት ቤት ወሰድኩትና ጨመርኩት። ስመለስ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

እንግዶቹ ጨዋ ናቸው፤ ወዲያው አልሄዱም። ዶሮውን ነካ ነካ አድርገው፣ አጠር ያለ ጸሎት አድርሰው ተነሡ። ላስረዳ ተጠጋሁ። «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» እያሉ ወደ መኪናው ሄዱ። የልጄ ባል እናት ስትሰናበተኝ «እኛ ቤት ሲመጡ የሚበሉትን አስቀድመው ይንገሩን፤ እንዳናስቀይምዎ» አለችኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንቺ እየተባባልን፣ እህትማማች መስለን ነበር። ልጄ መኪናው ውስጥ ልትገባ ስትል ዞር አለች። «እርኩስ ናችሁ ልትያቸው ነው የጠራሻቸው?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬን ማንሣት ተወች።

በማግሥቱ ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። ዋርሳዬ «እርኩስ» ሲል አለ፤ እኔ ዓሣውን ታቅፌ ስሄድ አለ፤ መርዝ ያልኩት ግን ተቆርጦ ወጥቷል። የሰደበኝ ብዙ ነው፤ ስድብስ ይቻላል። ያበሸቀኝ ያመሰገነኝ ነው። «ጀግና እናት! ሃይማኖቷን ለሆዳሞች አልሸጠችም!» ይላል አንዱ፤ ከሥሩ ስንቱ አጨብጭቦለታል። ምግብ ቤቴ ድረስ መጥቶ እጄን ሊስም የቃጣ ሰው አለ። «ውጣልኝ!» አልኩት። የማላውቀው ሰው በማላደርገው ነገር ሲያመሰግነኝ፣ የምወዳት ልጅ ባላደረግሁት ነገር ታኩርፈኛለች። በዚህ ያልተናደደ ሰው በምን ይናደዳል?

ባለቤቴን ይዤ ወደ ጥልቁ ወረድኩ። እባካችሁ ወንዝ ሲሞት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትንንሾቹ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ዳሩን ሞልተውታል። እንቁራሪቶቹ ድንጋይ ላይ እንደወጡ ደርቀዋል። ሸርጣኖቹ እግራቸውን አጥፈው ከጭቃው ላይ ተበትነዋል። ዝንብ እንኳ በደንብ አልሰፈረባቸውም። የተወቀጠ ብርብራ ገለባው ተንሳፍፎ ዳር ላይ ይቀራል፤ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ፈለግሁ፣ አንዲት ገለባ የለችም። ከታች በኩል ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። «እንዳትነኩት!» ብዬ ጮኽኩባቸው። «ብርብራ ነው አሉ እኮ፣ እናቴ፤ ብርብራ ምን ያደርጋል?» አለችኝ አንዷ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ነው።

«አየህ?» አልኩት ባለቤቴን።

«ሙቀቱ ነው» አለኝ።

«እንቁራሪት በሙቀት ያልቃል?»

ፊቱን ከውሃው አዞረ። ከዚያ «ወንድሜ ነው» አለኝ። አሁንስ እውነቱን ተናገርክ አልኩት።

ግብርና ቢሮ ሄጄ ልከስ ብዬም ነበር። ከዚያ አሰብኩት። «ዓሣው የት አለ?» ሲሉኝ ምን ልል ነው? ሽንት ቤት! ንዴት እንደዚህ ነው፤ ሰውን ያድንና ባለቤቱን ይቀብራል። ብልጥ ብሆን ኖሮ ጅራቱን እንኳ ቆርጬ አስቀር ነበር። ጥልቁንም ዝናቡ አጠበውና ተመልሶ የተሻለ መሰለ፤ አምባዛ ግን ከዚያ ወዲህ አልወጣበትም። ለምግብ ቤቴ ከሌላ ቦታ ነው የማስመጣው።

ልጄ ሳታናግረኝ ጾሙ ገብቶ ወጣ። ለፋሲካ አልመጣችም። ባሏ ብቻ ደውሎ «እንኳን አደረሳችሁ» አለና ስልኩን ቶሎ ዘጋው። በቤተሰቦቹ ፊት አንገቷን ደፍታ እንደምትኖር ከሰው ሰማሁ። «እናቷ የማትበላልንን ልጅ አመጣን» ብለዋታል አሉ። ይሁን፣ እኔን ይጥሉኝ፤ እሷ ምን አደረገች? ሌሊት እየተነሣሁ በባዶ ጓዳ ዋርሳዬን እሰድበው ነበር። ቀን ቀን ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘኝና «እትዬ፣ አሁንም አኮረፍሽኝ?» ብሎ ሰው ፊት ያቅፈኛል። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ልበ ሰፊ ነው» ይላል። እኔ ግን ገላዬ ላይ እባብ የሄደ ያህል ይዘገንነኝ ነበር።

በመጨረሻ ባለቤቴ ሽማግሌ ጠራ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ ኦቦ ብለን የምናከብራቸው አዛውንት፣ በመካከል ተቀመጡ። የልጄ ባል ቤተሰቦች ከጊንጪ መጡ። ልጄም መጣች፤ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ግን እንደ ሩቅ ሰው ነው የሳመችኝ። ዋርሳዬ ሚስቱን ይዞ መጣ። ሚስቱ ዝምተኛ ናት፤ ከገጠር መጥታ ከተማውን ብዙም አልለመደችም፤ ሕፃኗን ታቅፋ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች።

አዛውንቱ መረቁ። ከዚያ ዋርሳዬ እንዲናገር ተፈቀደለት። ምኑን ልንገራችሁ፣ ቲያትር ነው! የእኔን ሩጫ እያሳየ፣ ቀሚስ የሰበሰበ መስሎ፣ ሰውን አሳቀው። የልጄ ባል አባት እንኳ ፈገግ አለ። ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬን አልቀየምኳትም፤ እናቴ ማለት ናት። እምነቷ ነው፣ አከብርላታለሁ። ግን መርዝ ያለችው ነገር በእግዚአብሔር ፊት ከበደኝ። እኔ ለልጄ መርዝ አበላለሁ?»

«ልጄ፣» አሉኝ አዛውንቱ ወደ እኔ ዞረው፣ «እንግዶችሽንም ዋርሳሽንም ይቅርታ ጠይቂ። ይቅርታ ያስከብራል እንጂ አያዋርድም።»

ተነሣሁ። ለልጄ ባል እናት ጎንበስ አልኩ። «ካስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ» አልኳት። «እርኩስ ናችሁ አላልኩም፤ አስቤውም አላውቅም። በየቀኑ አምባዛ ጠብሼ የማበላው ለእናንተው ወገን ነው። ልጄን የሰጠሁት ለሰው መሆኑን አውቃለሁ።» እጄን ያዘችኝ፤ አልጨበጠችውም፣ አልለቀቀችውምም።

«ለዋርሳሽስ?» አሉኝ።

«ለእሱ የለኝም።»

ክፍሉ ተጉረመረመ። ባለቤቴ ራሱን ያዘ። ልጄ «እማዬ!» አለች፤ በአንዲት ቃል ስንቱን እንደለመነችኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ምን ቀረኝ? ማስረጃ የለኝ፣ የሚያምነኝ የለ። ለእሷ ስል ልስመውና ይብቃ ብዬ አንድ እርምጃ ሄድኩ፤ እውነቴን ነው። እሱ ግን አላስችል አለው። ያሸነፈ ሲመስለው መጨመር ይወዳል።

«ኧረ እትዬ!» አለ እየሳቀ። «መርዝ ቢሆን እኛስ እዚህ እንቀመጥ ነበር? የዚያን ቀን እኮ ከጥልቁ ሁለት አውጥቼ ነበር። ትልቁን ለእናንተ አመጣሁ፣ ትንሹን እኛ ቤት በላነው! ልጆቼ ጣታቸውን እየላሱ! ይኸው አለን፣ ማን ሞተ?»

ሰው ሳቀ፤ እፎይ ያለ ሳቅ ነበር። በዚያ ሳቅ መሃል ከበሩ በኩል ድምፅ ተሰማ።

«ሂን ኛንኔ።»

አልበላንም ማለት ነው። የዋርሳዬ ሚስት ናት። ማንም አልጠየቃትም። ዓይኗን ከሕፃኑ አላነሣችም።

«አንቺ ደግሞ...» አለ ዋርሳዬ።

«አልበላንም» አለች ዳግም በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ። «ላጥበው ስል ከእጄ ነጠቀኝ። ለልጆቹ እንዳትሰጪ፣ ውሻም እንዳያገኘው አለኝ። ከጓሮ ቆፍሮ ቀበረው። በሐሰት ልጆቼን አይጥራ።»

ዋርሳዬ ሳቁ ፊቱ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። «ጥቂት እኮ ናት... የመርጫው ትራፊ ናት...» አለ። «ሰው አይጎዳም ብዬ ነው። ብርብራ መውቀጥ ቀን ይፈጃል፣ እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ባዶ እጄን ልምጣ? ለእናንተው ብዬ...»

«ሰው የማይጎዳ ከሆነ ከልጆችህ ለምን ነጠቅህ?» አልኩት።

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «በሉ እንግዲህ» አሉ። «ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ያም ሆነ ይህ እግዚአብሔር ጠብቆናል፤ ማንም አልሞተም። ይቅር ተባባሉና ተሳሳሙ።»

«እግዚአብሔርማ ጠብቋል!» አልኩ፤ ጮኽኩ፣ ያው ቁጡ ነኝ። «የጠበቀው ግን በእነዚህ እጆቼ ነው፣ አባባ! እናንተ ስትስቁባቸው የከረማችሁት በእነዚሁ እጆች ነው!»

ያኔ ልጄ ተነሣች። ወደ እኔ የምትመጣ መስሎኝ ነበር። አልመጣችም፤ አጎቷ ፊት ሄዳ ቆመች።

«አጎቴ፣» አለችው፣ «እኔ እኮ የዚያን ቀን ልበላ ነበር። ለአማቶቼ ስል ለመጀመሪያ ጊዜ አምባዛ ልቀምስላቸው ቃል ገብቼ ነበር። ለእማዬ እንኳ አልነገርኳትም፤ ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።»

ዋርሳዬ ቀና ብሎ አላያትም። «ተሳሳሙ እንጂ» አሉ አዛውንቱ ዝግ ባለ ድምፅ። ማንም ከተቀመጠበት አልተነሣም።